ለቤተ መጻሕፍት ወጣቶች የሚስማማ የእጅ ሥራ


በቤተ መጻሕፍት ለሚሰበሰቡ፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ወጣቶች ምን ዓይነት የእጅ ሥራ ይመረጥ የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል። መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ከመደርደሪያው ላይ ይገኛል። ይኸውም መጽሐፍ መጠረዝ ነው።

በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች ከ1300 ዓመታት በላይ ዘልቀው ከእኛ ዘንድ የደረሱት፣ ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ጠራዡም ስለ ደከመባቸው ነው።

ለጀማሪ 4 ወረቀት አጥፎ አንድ ጥራዝ ማድረግ፣ 5 ጥራዞችን ሰም በተቀባ ክር እርስ በርስ መስፋት፣ በካርቶንም መሸፈን ይበቃል። የተቀደደ መጽሐፍ በእጁ የጠገነ ወጣት ሌላውን አይቀድም።

የድጕስ ሥራ የሚያውቁ አረጋውያን እየተመናመኑ ነውና ዛሬውኑ ለማስተማር ይጠሩ፤ ጥበብ ከባለቤቷ ጋር ከተቀበረች በኋላ ሐዘን አይመልሳትም።