የጨርቅ የክር ቁጥርና የመስቀለኛ ጥልፍ መጠን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)



አንድ የመንገድ ፕላን ስኬሉ ሳይጻፍበት ቢቀር፣ አነሣሡ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን መሐንዲስ ሊሠራበት አይችልም። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የ500 ሜትር መሬት ነው፤ በ1፡250,000 ካርታ ላይ ግን ያው 1 ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየቤቱ የትራስ፣ የጠረጴዛና የረከቦት ልብስ የሚያስጌጠው የመስቀለኛ ጥልፍ ንድፍም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ የተነሣው ንድፍ የስፌቱን ብዛት ይናገራል እንጂ መጠኑን አይናገርም። መጠኑን የሚሰጠው ጨርቁ ነው።

በመስቀለኛ ጥልፍ እያንዳንዱ የወረቀት ካሬ በጨርቁ ላይ አንድ የተመሳቀለ ስፌት ይሆናል። ለጥልፍ ተብሎ በፋብሪካ የሚሠራው አይዳ የተባለው ጨርቅ ክሮቹ በጅማ በጅማ የተሸመኑ ስለ ሆነ፣ ካሬዎቹ ለዓይን ጎልተው ይታያሉ። ስሙ ጂዩሴፔ ቨርዲ ከደረሰውና በ1871 እ.ኤ.አ. በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየው ኦፔራ ባለታሪክ፣ ከኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ከአይዳ ስም ጋር አንድ ነው። የዚህ ጨርቅ ቁጥር በ1 ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ካሬ እንዳለ ያመለክታል፤ በብዛት የሚሠራበትም 11፣ 14፣ 16 እና 18 ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የስፌቱ ብዛት ለጨርቁ ቁጥር ሲካፈል መጠኑ በኢንች ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል፣ በደሎ መና የምትኖር አንዲት ጥልፍ ሠሪ የሐረና ደን የሚታወቅበትን የቡና ቅርንጫፍ ከነፍሬው በረከቦት ልብስ ላይ እንድትጠልፍ ታዛለች እንበል። ንድፉ ወርዱ 112፣ ቁመቱ 84 ስፌት ነው። የተፈቀደላት ቦታ 21 በ16 ሳንቲ ሜትር ነው። በ14 ቁጥር ጨርቅ ብትሠራው ጥልፉ 20.3 በ15.2 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በቦታው ይገባል። በ16 ቁጥር 17.8 በ13.3፣ በ18 ቁጥር ደግሞ 15.8 በ11.9 ይሆናል። በ11 ቁጥር ላይ ግን 25.9 በ19.4 ሆኖ ከረከቦቱ ጠርዝ ይተርፋል። ንድፉ አልተለወጠም፤ እጇም አልሳተም፤ የተለወጠው ጨርቁ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ የጨርቁ ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው እጥፍ፣ ጥልፉ የሚሸፍነው ስፋት ግን አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ነገሩ በመጠን ብቻ አያበቃም፤ ክርም ይነካል። ንድፉ ሙሉ በሙሉ በስፌት ቢሸፈን 9,408 ስፌት ይሆናል። በ14 ቁጥር ጨርቅ አንድ ስፌት ከፊቱና ከጀርባው 8.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ክር ሲወስድ፣ በጠቅላላው 82 ሜትር ያህል ይደርሳል። የተለመደው የጥልፍ ክር ጥቅል 8 ሜትር ርዝመት ያለውና ከ6 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ሁለት ሁለት ክር ከተሠራበት አንዱ ጥቅል 24 ሜትር ስለሚሰጥ፣ አራት ጥቅል ይበቃል። በ11 ቁጥር ላይ ግን ርዝመቱ ወደ 105 ሜትር ከፍ ከማለቱም በላይ፣ ጨርቁ እንዳይታይ ሦስት ሦስት ክር ማድረግ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ሰባት ጥቅል ይጠይቃል። በየቀለሙ መጀመሪያና መጨረሻ የሚቆረጠው ትራፊ በዚህ ላይ ይታከላል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል እንደሚወርድ የታወቀ ነው። ክሩ ከሮቤ ወይም ከጎባ የሚገዛ ከሆነ፣ በሥራ መካከል ያለቀ አንድ ጥቅል ሌላ ጉዞ ያስከትላል። በሌላ ጊዜ የተነከረ ክርም፣ የቀለሙ ስም አንድ ቢሆንም፣ ከፊተኛው ጋር ሙሉ በሙሉ ላይመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መቁጠር ገንዘብም ድካምም ያድናል።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር የሚገኘው በእጅ በተሸመነው ጨርቅ ላይ ነው። በመሠረቱ ቁጥር ለሀገራችን ሸማኔ እንግዳ አይደለም። በኩታና በነጠላ ጫፍ ላይ ጥለት የሚጥል ሸማኔ የድሩን ክሮች እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር ያሳልፋል፤ ድሩ ሳሳ ሲል ያው ጥለት ይሰፋል፣ ሲጠብቅም ይጠባል። ነገር ግን በእጅ ሽመና የድሩና የማጉ ጥብቀት ብዙ ጊዜ እኩል አይሆንም። በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 12 የድርና 10 የማግ ክር ያለበት ጨርቅ ላይ በየሁለት ክሩ ቢጠለፍ፣ በአንዱ አቅጣጫ 6፣ በሌላው 5 ስፌት ይገባል። ወርዱም ቁመቱም 60 ስፌት የሆነ ክብ፣ ድሩ ሽቅብ ከተዘረጋ፣ ወርዱ 10 ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆንና እንቁላል ይመስላል። ጨርቁን ማዞር እንቁላሉን ከማጋደም በቀር አያስተካክለውም።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ንድፉን ክሩ በጠበቀበት አቅጣጫ በልዩነቱ መጠን ማስፋት ነው፤ ይኸውም በምሳሌው ላይ የ60ውን ስፌት ወርድ 72 ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የታወቀ ካንቫ በጨርቁ ላይ ደርቦ ከጠለፉ በኋላ የካንቫውን ክሮች አንድ በአንድ መምዘዝ ነው።

እንግዲህ መርፌ ከመነሣቱ በፊት የሚፈጸመው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል አስቀድሞ ታጥቦ ይተኰሳል። ቀጥሎ ማስመሪያ ተይዞ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ክሮች በድሩም በማጉም በኩል ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ለ10 ተካፍሎ የ1 ሳንቲ ሜትሩ ይገኛል፤ አንዱ ስፌት ሁለት ክር የሚይዝ ከሆነ እንደገና ለ2 ይካፈላል። በመጨረሻም የስፌቱ ብዛት ለዚህ ውጤት ይካፈልና፣ ለማጠፊያና ለመወጠሪያ በየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨምሮ ጨርቁ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ ሥራ አይደለም። በደቂቃ 6 ስፌት ቢታሰብ ግን 9,408 ስፌት ከ26 ሰዓት በላይ የዓይንና የእጅ ድካም ነው፤ ከታዘዘው ቦታ ያለፈ ጥልፍ ይህን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል። ስለሆነም ንድፍ የሚነድፍ ሰው በወረቀቱ ግርጌ የስፌቱን ብዛት በወርድና በቁመት ቢጽፍ፣ ሸማኔም የሚሸጠውን ጨርቅ የድርና የማግ ቁጥር ለገዢው ቢነግር፣ ልኬትን ሙያው ያደረገ ሁሉ ደግሞ ይህን ቀላል ስሌት በየአካባቢው ለሚገኙ ጥልፍ ሠሪዎች ቢያስተምር፣ በእጅ ሥራ የምትተዳደር እናት ድካሟ ከንቱ እንዳይቀር ትልቅ እርዳታ ይሆናል።