በጥቢ ወራት ዓሣ አጥማጅ ወፎችን ስለ መፈለግ
(ለሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ፣ ጎርፍ ያደፈረሰው የወንዝና የሐይቅ ዳር ውሃ እየጠለለ ይሄዳል። ዓሣ አጥማጅ ወፎችን ለመፈለግ የሚመቸውም ይኸው ጊዜ ነው። ወፏ የምታድነው በዓይኗ ነውና ውሃው ከደፈረሰ ዓሣው አይታያትም። «ለወፍ ደግሞ ምን ስብሰባ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ የወፍ ብቻ አይደለምና ትንሽ ታገሡን።

በሐዋሳ ሐይቅ ዘወትር የምናያት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ናት። ርዝመቷ 25 ሳንቲ ሜትር ያህላል። ከውሃው በላይ ክንፏን እያርገበገበች ባለችበት ቀጥ ብላ ትቆይና ድንገት ቁልቁል ትወረወራለች። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው፤ የሴቷ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መሐሉ ላይ የተቋረጠ።

ሁለተኛዋ ትንሿ ናት፤ 13 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ጀርባዋ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካንማ ነው። ፊላና ቄጠማ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ስለምትጠብቅ፣ ሰማይ ሰማዩን ማየት አያዋጣም።

ሦስተኛዋ ዛፍ ላይ የምትውለው ናት። የላይኛው መንቆሯ ቀይ፣ የታችኛው ጥቁር ነው። ከዓሣ አጥማጆቹ ወገን ትሁን እንጂ ኑሮዋ በአብዛኛው በአንበጣና በጥንዚዛ ነው።

ለፍለጋ የሚወጣ ሰው ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይውጣ፤ ፀሐይን ከጀርባው ያድርግ፤ ድምፁን ይቀንስ። ጉማሬ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ማለዳ ወደ ውሃው ስለሚመለስ ፊላ ውስጥ ማንም አይግባ፤ ልጆችም ብቻቸውን አይላኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዝንጉርጉሯና ትንሿ ዛፍ ላይ ጎጆ አይሠሩም። ቀጥ ያለ የአፈር ገደል ፈልፍለው በጉድጓድ ውስጥ ነው የሚፈለፍሉት። የዝንጉርጉሯ ጉድጓድ ርዝመቱ 1 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። በኬንያ በቪክቶሪያና በናይቫሻ ሐይቆች በተደረገ ጥናት እንደታየው፣ የዝንጉርጉሯን ጫጩቶች የሚመግቡት ወላጆቻቸው ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች ወንዶችም ዓሣ እያመጡ ያግዛሉ። ዓሣ ማግኘት በሚከብድበት በቪክቶሪያ ደግሞ ባዕዱም ሳይቀር በብዛት ይታገዛል። ችግር ሲጠና ደቦ መጥራት የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ለግንብና ለምርጊት ብለን ያንን ገደል ስንንድ፣ ጉድጓዱ ከነጫጩቱ ይሄዳል። የተናደው አፈርም በጎርፍ ወደ ሐይቁ ይገባል። ሐይቃችን ደግሞ በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ትንንሹ ቆሮሶ የሚያድገው በዚያው ዳር፣ በፊላው ሥር ነው። ዛሬ ወፏ ያጣችውን ትንሽ ዓሣ ነገ አድጎ የሚያጣው አስጋሪው፣ ከዚያም ገበያተኛው ነው።

አፈር ሸጦ የሚያድር ጎረቤት እንዳለን እናውቃለን። «ተው» ብሎ ባዶ እጁን መስደድ ጉርብትና አይደለም። በመሆኑም የሚከተለውን እናቀርባለን፦

1ኛ. ጉድጓድ የሚታይበት ገደል እንዳይነካ፤ ለአፈር ቆፋሪዎች ከውሃው የራቀ ቦታ ከሚመለከተው ክፍል ጋር ተነጋግረን እንድናስለይ፤

2ኛ. ልጆች በጉድጓዱ እንጨት እንዳይከቱ፣ በድንጋይም እንዳይደፍኑት እንድንመክር፤

3ኛ. ቆሻሻ በወንዙ ዳር እንዳንደፋ።

በፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተነሥተን ገደሉን አብረን እናያለን። አፈር የሚቆፍሩ ጎረቤቶቻችን እንዳይቀሩብን አደራ እንላለን፤ የትኛው ገደል ጉድጓድ እንዳለው ከሁላችንም ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

የማኅበሩ ጸሐፊ