የወሎ ቅሬ

በሌላው አገር ዕድር የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ምድር ቅሬ ተብሎ ይጠራል። በብዙ መንደሮች የቅሬ አባልነት በጉርብትና እንጂ በሃይማኖት የማይወሰን በመሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚውና መስጊድ ሰጋጁ በአንድ መዝገብ ሰፍረው፣ ከመካከላቸው አንዱ በሞት በተለየ ጊዜ በኅብረት መቃብሩን ይቆፍራሉ፣ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ለሐዘንተኛውም ቤት መብል ያደርሳሉ። ይህ ለባለጸጋው የወግ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለነዳዩ ግን ከወግ በላይ ነው፤ የቀብሩና የለቀስተኛው መስተንግዶ ወጪ በእርሱ ላይ ብቻ ቢወድቅ ኖሮ የእርሻ በሬውን ለመሸጥ፣ ከሸጠም በኋላ መሬቱን በእኩል ለማሳረስ በተገደደ ነበርና።

የሚያስቸግረው የመስተንግዶው ሥጋ ነው። እያንዳንዱ የሃይማኖት ወገኑ ያረደውን ብቻ ስለሚበላ፣ ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል፤ አለዚያ ሽሮና ምስር ለሁሉ ይቀርባል። እኔስ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ስለ ፍቅረ ቢጽ በየአዳራሹ ከሚሰማው ዲስኩር ይልቅ ይህን የቢላዋና የድስት ሥርዓት አብልጬ አደንቃለሁ፤ ማንም ከሃይማኖቱ ቅንጣት ሳያጎድል ከጎረቤቱ ጋር የሚቀመጥበትን መንገድ አስገኝቷልና።

ማኅበሩም በበጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ በደንቡ የተወሰነውን መቀጫ ይከፍላል።