የጋዝ ጠቋሚዎች እርጅና እና የመሐንዲሱ ኀላፊነት



«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ምላስን ለመግታት የተባለው ይህ ቃል ለጨረራ መለኪያ መሣሪያ ግን አይሠራም። ጨረራ አይታይም፤ አይሸትም፤ አይዳሰስም፤ ስለ መኖሩ የሚመሰክረው መሣሪያው ብቻ ነው። መሣሪያው ዝም ሲል «ጨረራ የለም» ተብሎ ይታመናል። ዳሩ ግን ዝምታው የመጣው ከጨረራው መጥፋት ሳይሆን ከመሣሪያው እርጅና ሊሆን ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማም በጋዝ የተሞሉ ጠቋሚዎች በሚለኩት በዚያው ጨረራ እንዴት እንደሚያረጁና እርጅናቸው በምሕንድስና ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው።

ከጋዝ ጠቋሚዎች ሁሉ በይበልጥ የታወቀው ጀርመናዊው ሐንስ ጋይገር ከደቀ መዝሙሩ ከዋልተር ሚውለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1928 የሠራው ቱቦ ነው። በጋዝ በተሞላው ቱቦ መካከል ቀጭን ሽቦ ይዘረጋል፤ በሽቦውና በግድግዳው መካከልም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሰጣል። ጨረራ ሲገባ ከጋዙ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ እነዚህም ወደ ሽቦው ሲሮጡ ሌሎችን እያላቀቁ እንደ ተራራ ናዳ ይበዛሉ። እያንዳንዱ ናዳ እንደ አንድ ምት ይቆጠራል። ናዳው በራሱ ጊዜ እንዲቆም በዋናው ጋዝ ላይ፣ ማለትም በአርጎን ወይም በኒዮን ላይ፣ ጥቂት ማብረጃ ጋዝ ይጨመራል።

እርጅናው የሚጀምረው ከዚህ ማብረጃ ነው። በቀድሞዎቹ ቱቦዎች ማብረጃው የአልኮል ተን ነበር፤ በያንዳንዱ ምት በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአልኮል ሞለኪውሎች ይሰበራሉ፤ የተሰበረውም ተመልሶ አይጠገንም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቱቦ ዕድሜው የሚለካው በዓመት ሳይሆን በምት ነው፤ ይኸውም አንድ ቢሊዮን ያህል ምት ነው። በሴኮንድ 1 ምት ብቻ ቢቆጥር ከ31 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ በሴኮንድ 100 ምት ሳያቋርጥ ቢቆጥር ግን በ116 ቀን ውስጥ ያልቃል። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በአልኮል ፈንታ ክሎሪን ወይም ብሮሚን መግባት ጀመረ፤ የእነዚህ ሞለኪውሎች ከተሰበሩ በኋላ መልሰው ስለሚጣመሩ የቱቦው ዕድሜ እጅግ ረዘመ። ሆኖም ክሎሪንና ብሮሚን ብረትን የሚበሉ ናቸውና ከግድግዳው ጋር ቀስ በቀስ ይዋሐዳሉ፤ ስለዚህ ይህም ቱቦ ዘለዓለማዊ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በኮልፌ ቀራኒዮ በኩል እንደሚያልፈው የቀለበት መንገድ ያለ ሥራ ሲሠራ የተጠቀጠቀው አፈር እፍጋት ከሚለካባቸው መሣሪያዎች አንዱ የኑክሌር እፍጋት መለኪያ ነው። በውስጡ ጋማ ጨረራ የሚሰጥ ሲዚየም 137 እና ጨረራውን የሚቆጥሩ የጋይገር ቱቦዎች አሉ። አፈሩ እፍግ ባለ ቁጥር የሚያልፈው ጨረራ ያንሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ምት ማለት ደኅና የተጠቀጠቀ አፈር ማለት ነው። አሁን ቱቦው አርጅቶ ምት መጣል ጀመረ እንበል። መሣሪያው የራሱን ድካም ለአፈሩ ጥንካሬ አድርጎ ያቀርበዋል። ያልተጠቀጠቀው አፈር ፈተናውን ያልፋል፤ መንገዱም ከጥቂት ክረምት በኋላ ይሰምጣል፤ ተወቃሹ ግን ዝናቡ ይሆናል።

መድኀኒቱ ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው የማመሳከሪያ ብሎክ ላይ በየሥራው ቀን የሚወሰደው መደበኛ ቆጠራ ነው። የመስኩ ቆጠራ ለዚህ ቆጠራ ሲካፈል የቱቦው ድካም ከሁለቱም ወገን ይጣፋል። የትናንቱን ቁጥር ለዛሬ የሚጽፍ ባለሙያ ግን ይህን ጥበቃ በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። ከዚህም በላይ የሲዚየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ያህል በመሆኑ መደበኛው ቆጠራ በዓመት በ2.3 በመቶ ገደማ መቀነሱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ቅናሽ በሲዚየሙ አይሳበብም፤ መሣሪያው ራሱ እንዲመረመር ያስገድዳል። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን የዓመታት መዝገብ ሲኖር ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በዘነበ ወርቅ የሚገኘውን አለርትን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች ደግሞ ጉዳዩ የሰው ጤና ነው። ከራጅ ክፍል ግድግዳና በር የሚያፈተልከውን ጨረራ ለመለካት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለውጭ አየር ክፍት የሆነ የአዮን ሳጥን ነው። ጋዙ አየር ስለ ሆነ አያልቅም፤ የሚያረጀው የኤሌክትሪክ መከላከያውና እርጥበት መጣጩ ነው። ነገር ግን ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ ሳጥን ማረሚያ ካልተደረገለት ሩቡን ያህል አሳንሶ ያነባል። በእርጅና ላይ ይህ ሲደረብ፣ ሁለቱም ስሕተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ይኸውም ወደ ሐሰተኛ መረጋጋት ያዘነብላሉ። በአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79 እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ጨረራ የሚሠራበት ሁሉ ቁጥጥር እንዲኖረው ነበር፤ ቁጥጥሩ ግን ከመለኪያው እውነተኛነት በላይ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

የእርጅናን ጠባይ በጥልቅ ያጠኑት ታላላቆቹ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ዦርዥ ሻርፓክ እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ በሰርን የሠራውና በ1992 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ባለ ብዙ ሽቦ ጠቋሚ ከጠጉር የቀጠኑ፣ በወርቅ የተለበጡ የተንግስተን ሽቦዎች አሉት። ጋዙ ሳያቋርጥ ቢታደስም በሽቦው ዙሪያ በሚነሣው ናዳ የተሰበሩት የጋዝ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተጣብቀው በሽቦው ላይ እንደ ጥላሸት ይጋገራሉ። ሽቦው ሲወፍር የኤሌክትሪክ ኀይሉ ይላላል፤ ምቱም ይደክማል። ከቅባትና ከማሸጊያ የሚተን እጅግ ጥቂት ሲሊኮን እንኳ ይህን ግግር ያፋጥናል። ሌላው ሕመም ሉዊስ ማልተር እ.ኤ.አ. በ1936 በገለጸው ክሥተት ይታወቃል፤ በአሉታዊው ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ሲለጠፍ አዮኖች እዚያ ይከማቻሉ፤ ከብረቱም ኤሌክትሮን እየሳቡ ጨረራ በሌለበት የማያቋርጥ ጅረት ይፈጥራሉ። ስለዚህ ያረጀ ጠቋሚ ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን መቀባጠርም ይችላል።

በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት የሰጠው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ የተሠራው ሔራ ቢ የተባለው ሙከራ ነው። ጠቋሚዎቹ በኤክስሬይ ተፈትነው ደኅና ሆነው ነበር፤ በእውነተኛው የቅንጣቶች ጅረት ውስጥ ሲገቡ ግን በአጭር ጊዜ ተጐዱ። መፍትሔው የተገኘው የውስጥ ግድግዳው በወርቅ ተለብጦ፣ ጋዙም ተለውጦ ነው። የዓመታትን ድካም በጥቂት ቀናት ለማሳየት የሚደረግ ፈተና የሥራውን ቦታ ጠባይ ካልመሰለ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ ይታያል። በውጭ አገር ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ መሣሪያም በከፍታችን፣ በአቧራችንና በክረምታችን ዳግመኛ ሊፈተን ይገባዋል።

እንግዲህ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው ውድ ነገር አይደለም። መሣሪያው ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በታወቀ የጨረራ ምንጭ ይፈተን፤ የተገኘው ቁጥር ቢያስደስትም ባያስደስትም በዕለቱ ይመዝገብ፤ መዝገቡም ከመሣሪያው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ። የቱቦው የቮልትና የምት ግንኙነት በየጊዜው ይለካ፤ ቮልቱ ጥቂት ሲለወጥ ምቱ ብዙ የሚለዋወጥ ከሆነ ማብረጃው ደክሟልና ቱቦው ይለወጥ። ተረካቢው መሐንዲስም የእፍጋቱን ውጤት ብቻ ሳይሆን የዚያን ቀን መደበኛ ቆጠራ አብሮ ይጠይቅ። በዚያ መንገድ የሚሄደው መንገደኛና በራጅ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ መሣሪያውን ሊፈትኑት አይችሉም፤ ፈተናው የእነርሱን ደኅንነት የተረከበው መሐንዲስ ግዴታ ነው።