ከሙያ ደጃፍ አለመራቅ፦ ከአንጋፋ ሙዚቀኞቻችን ሕይወት የምንማረው

(በአረቅጥ ከተማ በተካሄደው የማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ለተመራቂ የሚሆን የሕይወት ትምህርት እንዳቀርብ ነው የተጋበዝኩት። ስለ ሥራ ፈጠራ ወይም ስለ ቴክኖሎጂ እንደማወራ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንጋፋ ሙዚቀኞቻችን ልናገር ነው። ለምን ቢባል፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት በአንድ ሙያ ጸንተው ያየናቸው ሰዎች እነሱ ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ፣ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ሸክላው በካሴት፣ ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲውም በስልክ ሲተካ ሙያቸውን ይዘው ተሻግረዋል። ድግሪ ይዞ ሥራ ፍለጋ ለሚንከራተተው ታናሽ ወንድማችንና እህታችን እነዚህ ሰዎች የሚነግሩት ነገር አላቸው።

ደግሞም ሩቅ አይደሉም። ከዚህ ከጉመር ደጋ ወርደን ወልቂጤ ስንደርስ የጅማን መንገድ እናገኛለን። ያንን መንገድ ይዘን ወደ አዲስ አበባ ብንሄድ ወሊሶ አለ፤ ጥላሁን ገሠሠ ያደገው እዚያ ነው። ግቤን ተሻግረን ወደ ታች ብንወርድ ጅማ አለ፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚያ ነው። ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ቢሆንም የዘር ሐረጉ ከጉራጌ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሦስቱ ታላላቅ ስሞች በአንድም በሌላም መንገድ የእኛው ጎረቤትና ዘመድ ናቸው።

ከማሕሙድ ልጀምር። በ1933 ዓ.ም. ተወለደ። ትምህርት ብዙም አልሆነለትም። ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል፤ ከዚያ አዲስ አበባ በሚገኘው አሪዞና ክለብ ተላላኪነት ገባ። ክለቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚመጡበት ቤት ነበር። ማሕሙድ ያገኘው ሥራ ዝቅተኛ ነበር፤ ሥራውን ያገኘበት ቦታ ግን ትልቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚወደውን ነገር በቅርብ ያያል፣ ይሰማል፣ ዜማውን በውስጡ ያጠናል። በ1954 ዓ.ም. ገደማ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሳይመጣ ቀረ። ማሕሙድ «እኔ ልሞክር» አለ። ሞከረ፤ ሰዎቹም ወደዱት። ከዚያ ክብር ዘበኛ ገብቶ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ አገለገለ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ዕድል ነው» ይላል። ዕድልማ አለው። ግን ዘፋኙ በቀረበት ምሽት ማሕሙድ ሌላ ሰፈር ሌላ ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ ማንን ያገኝ ነበር? ዘፈኖቹን አስቀድሞ ባያጠናስ መድረክ ላይ ወጥቶ ምን ይል ነበር? የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የተማርከውን ሥራ ዛሬ ባታገኝ እንኳ ከሙያው ደጃፍ አትራቅ። ዝቅ ብለህም ቢሆን ሙያው ያለበት ቤት ግባ፤ ገብተህም ተማር።

ጥላሁን ደግሞ ሌላ ገጽ ያሳየናል። ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን ከተማዋ መጥተው አሳዩ፤ ልጁ ልቡ ሸፈተ። አያቱ ግን ትምህርቱን እንዲቀጥል እንጂ ዘፈን ውስጥ እንዲገባ አልፈለጉም። በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ጠፋ፤ መለሱት። በሁለተኛው በጭነት መኪና ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ዕድሜው ያኔ 14 ዓመት ገደማ ነበር። እዚህ ያላችሁ ወላጆች አትደንግጡ፤ ልጆቻችሁ ይጥፉ እያልኩ አይደለም! ግን ልጅ በሁለተኛውም ሙከራ ወደዚያው ነገር ከሄደ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥላሁን የሄደበት መንገድም አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ እንደ ሌሎች የክብር ዘበኛ ባልደረቦቹ ታስሯል። በስተመጨረሻ የስኳር በሽታ አንድ እግሩን ወሰደው፤ እሱ ግን መዝፈኑን አልተወም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር በሙሉ አለቀሰለት።

አሁን ወደ ውጭ አገር ልሻገር፤ ከመካከላችን ስንቱ ወንድምና እህት በስደት አለ አይደል? ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ማታ የገባ ታዳሚ ሌሊቱን እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያስ በሂልተን የታወቀው በዚያ ዘመን ነው። በ1973 ዓ.ም. ገደማ ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሄደ፤ ከአባላቱ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም አንዱ ነበር። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆነ። ነገር ግን ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አላወጣም። አውሮፕላን ማረፊያው ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ያወጣና ይለማመዳል። ለማን ነበር የሚጫወተው? ለማንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የቀረጸው ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ታተመ። ዓለም «ይህ ሰው የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ። በስድሳዎቹ ዕድሜው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች መጫወት ጀመረ።

ሁለተኛው ትምህርት ይኸው ነው። ኑሮ ሌላ ሥራ ቢያሠራህ አያሳፍርም፤ ልጅ ማሳደግ ክብር ነው። ግን ሙያህን ከኮፈኑ አታውጣው። ሒሳብ የተማረ ሱቅ ቢጠብቅ ማታ ማታ ለሰፈር ልጆች ሒሳብ ያስረዳ። ነርስ የሆነች ሌላ አገር ሌላ ሥራ ብትይዝ መጽሐፏን ትክፈት። ዕድል ዘግይቶ ሲመጣ ባዶ እጅ እንዳያገኘን።

ሦስተኛዋ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ዕድል ግን ፈቃድ ተነፍጎት ቀረ። ያዘኑት ኀዘን ከባድ ነበር፤ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ። ነገሩ እዚያ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ ሸክላ አሳተሙ፣ ገቢውንም ወላጅ ለሌላቸው ልጆች አዋሉት። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሙዚቃቸው ስማቸውን አጥርቶ መጥራት በማይችሉ አገሮች ሁሉ ይሰማ ነበር። የተዘጋ በር ያሳዝናል፤ ዕድሜ ልክ ግን በሩ ሥር አያስቀምጥም።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እነዚህን ሰዎች ስናነሣ ተሰጥኦአቸውን ብቻ እናወራለን። ከጀርባቸው ግን ተቋምና መምህር ነበረ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ በእነዚህ ቤቶች በሰዓት ልምምድ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ኖታ የሚያስተምር አለ። አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን በእነዚህ መድረኮች ሙዚቃ ሲያቀናብርና ሲያስተምር ዕድሜውን አሳልፏል። ተመልካች ስሙን ላያውቅ ይችላል፤ ሥራውን ግን በሌሎች ድምፅ ሰምቶታል። መምህርነት እንዲህ ነው። እናንተም ዛሬ በዚህ አዳራሽ በተቀመጡት ተማሪዎቻችሁ ድምፅ ትሰማላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህን ሁሉ ታሪክ ማወራው እንዴት ነው? ተቀርጾ ስለቆየ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው በሚባልበት ዘመን የራሱን አሳታሚ ቤት ከፈተ። በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ያ ወጣት ባይደፍር ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ አብዛኛው ከሰው ጆሮ ጋር አብሮ ይቀበር ነበር።

በእኛ አካባቢስ? በሰርግ የሚያዜሙ እናቶች አሉ። በለቅሶ ላይ የሟቹን ዘርና ሥራ በግጥም የሚዘረዝሩ አሉ። በመስቀል ሰሞን ጀፎረው ላይ ሲዘፈን ሰምተን ያደግነው ዜማ አለ። የጉመሩ ከቸሃው፣ የቸሃው ከእዣው፣ የሁሉም ከክስታኔው የሚለይበት ቃልና አጣጣል አለው። እነዚህ ባለሙያዎች ሸክላ አላሳተሙም፤ ስማቸው በፖስተር አልተለጠፈም። አንጋፋ አይደሉም ግን የሚል አለ? በየዓመቱ መስቀል ለማክበር ስንመጣ ቁጥራቸው ሲያንስ እናያለን። ክትፎውን በልተን፣ ተመራርቀን እንመለሳለን፤ ዜማው ግን በቤቱ ያረጃል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን ለመጪው መስቀል ስንመጣ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት እንቅረጽ። ስልክ ሁላችንም ኪስ አለ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። ዜማውን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚዜም፣ ከማን እንደተማሩት፣ የከበደው ቃል ፍቺው ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ቀኑንና ቀበሌውን እንጻፍ። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። የቋንቋና የታሪክ መምህራኖቻችን ደግሞ ለተማሪዎቻቸው የጥናት ርእስ ያድርጉት።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ አባቶቻችን ከንግድና ከጉልበት ሥራ ያገኙትን ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ለማሠራት ማኅበር መሥርተዋል። እነሱ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ አስበው ነበር፤ እኛ ዜማው የሚያልፍበትን መንገድ እንሥራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ሃምሳ ተመራቂ ሃምሳ ድምፅ ይዞ ቢመጣ፣ የዛሬ ዓመት እዚህ ስንገናኝ የምንሰማው ንግግር ብቻ አይሆንም።

ማሕሙድ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ከሰማንያ ዓመት አልፎ ነበር። መሰናበት የቻለው ከሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ ተጨብጭቦለት ነው። የእኛ መንደር አንጋፋዎችም በሕይወት ሳሉ የሚሰማቸው ጆሮ ይገባቸዋል።