ጥምዝን ከጫካ ወደ ጓሮ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በከፋ፣ በሸካና በቤንች እርጥብና ጥላማ ደኖች ውስጥ ጥምዝ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጥምዝ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው። ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ የመጣና የቆላ ሙቀት የሚወድ ሲሆን፣ ጥምዝ ግን የአገሩ ደን ተወላጅ ነው። ግንዱ ልል ስለሆነ አጠገቡ ባለ ተክል ላይ ተደግፎ ያድጋል። በርበሬና መከለሻ የምታዘጋጅ እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ችግሩ ለቀማው ላይ ነው። ጫካ የጋራ በመሆኑ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። ሌላው እንዳይቀድመው የሚሰጋ ለቃሚ ያልበሰለውን ዘለላ ይቀጥፋል፣ ቅርንጫፉን ይሰብራል፣ አልፎ አልፎም ከነሥሩ ይነቅላል። ያልበሰለ ጥምዝ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። በዚህ አኳኋን ገበሬው ዛሬ በዋጋ፣ ነገ ደግሞ በዘር ይጎዳል። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን የጥምዝን ሥር አይጠብቅም።

መፍትሔው ጓሮ ውስጥ አለ። በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ያለው ለም አፈር ለጥምዝ ይስማማል። አተካከሉም ቀላል ነው፦

1. ከጤናማ ተክል ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው የግንድ ቁራጭ ይወሰዳል። ከአንድ እናት ተክል ብዙ መቁረጥ አይገባም።
2. በዝናብ መግቢያ፣ ቢያንስ አንዱ አንጓ አፈር ውስጥ እንዲቀበር ተደርጎ በጥላ ሥር ይተከላል።
3. ብስባሽ ይጨመርበታል፤ አፈሩ እንዳይደርቅም በቅጠል ይጎዘጎዛል። እርጥበት ይወዳል ማለት ግን ውኃ ይተኛበት ማለት አይደለም።
4. ሲረዝም የሚደገፍበት እንጨት ይተከልለታል።

የበሰለው ዘለላ ተለቅሞ ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይደርቃል። ገበያ የሚያውቀው የጢስ መዓዛ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ግን ይሻግታል።

የጓሮ ጥምዝ ባለቤት ስላለው እስኪበስል ይጠበቃል። ነገር ግን ጥሬውና የበሰለው በአንድ ዋጋ ከተሸጠ፣ የጠበቀች እናት ምን ታተርፋለች? ስለዚህ ማኅበራት ቡናን በደረጃ ለይተው እንደሚረከቡ ሁሉ ጥምዝንም ለይተው፣ ለበሰለው የተሻለ ዋጋ ከፍለው ቢረከቡ፣ የአባላት ገቢ ያድጋል፤ ጫካውም ያርፋል። የወረዳ ኃላፊዎችም ችግኝ ጣቢያዎች ከቡና ችግኝ ጎን ጥቂት የጥምዝ መደብ እንዲይዙ ቢያደርጉ፣ ሥራው ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።

መልካም የምሥረታ በዓል!