ወደ ጓሳ የምንሄደው ምን ልንማር ነው?

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለጉዞ ለተዘጋጁ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ስንቁና ስለ ብርድ ልብሱ የጉዞው ኮሚቴ ነግሮናል፤ የእኔ ንግግር ይዘነው ልንመለስ ስለሚገባን ነገር ነው።

ጓሳ ከደብረ ብርሃን አልፎ፥ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ ውርጫማ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ ከዝናም የሚከለልበትን ጌሳ ይሠራል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያ ይኖራሉ። በአገራችን የቀረው ቀይ ቀበሮ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ስለ ሆነ፥ በዓይን ማየቱ ትልቅ ዕድል ነው።

ነገር ግን ቀበሮውን አይተን፥ ፎቶግራፍ አንሥተን ብቻ ከተመለስን ጉዟችን ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። ልንጠይቀው የሚገባው፥ በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ሳለ ይህ ደጋ እንዴት ተረፈ የሚለውን ነው።

መልሱ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። የተጀመረው ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ደጋው አስቦና ጌራ በተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ፥ የየወገኑ ተወላጆች አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመርጡ ነበር። ሥፍራው በተዘጋ ጊዜ ሣር ማጨድ፥ ከብት ማሰማራት፥ እንጨት መልቀም ሁሉ ክልክል ነው። መዘጋቱም ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ሊቆይ ይችል ነበር። የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያና በለቅሶ ላይ ይነገራል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል።

ልብ በሉ። የመንዝ ገበሬ ጓሳን የጠበቀው ስለ ተፈጥሮ ውበት ትምህርት ተሰጥቶት አይደለም፤ ሣሩን ስለሚፈልገው ነው። ፍላጎት ብቻውን ደግሞ ያጠፋል እንጂ አይጠብቅም። ፍላጎቱን ወደ ጥበቃ የለወጡት አራት ነገሮች ናቸው፤ የታወቀ ወሰን፥ የታወቀ ቀን፥ በስሙ የሚጠራ ኃላፊና የማይቀር ቅጣት።

ይህን ስል የጥንቱን ሁሉ ማወደሴ አይደለም። ቄሮ ከርስት ጋር የተያያዘ ነበርና ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተወለደ ሰው ከመብቱ ውጭ ነበረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ወደቀ። መብቱ ሰፋ፤ ጠባቂው ግን ላላ። ሆኖም ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሁላችንም በምናውቀው በእድር መልክ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ስለዚህ ክርክራችን የድሮው ይሻላል ወይስ የዛሬው የሚል መሆን የለበትም። መብትን ለሁሉ ሰጥቶ ጠባቂውንም ማቆየት እንዴት ይቻላል? ጥያቄው ይህ ነው።

ይህ የመንዝ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ሠፈራችን ይመልከት። ትንሹ አቃቂ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከጓሳ የሚመነጨውም ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፥ ከፊሉ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የመንዝ ገበሬና እኛ በአንድ ወንዝ እንገናኛለን። እርሱ የሣሩን ምንጭ ይልካል፤ እኛ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ፥ ፕላስቲክም እንልካለን። በ2011 ዓ.ም. በከተማችን የወንዝ ዳር ልማት ተጀምሯል፤ ይህ መልካም ነው። ዳርቻው ቢያምርም ውኃውን የሚጠብቀው ማን ነው? ትንሹ አቃቂ የሁላችንም ነው ይባላል፤ አባ ቄራ ግን የለውም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፥ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። አባቶችንና እናቶችን አንቱ ብላችሁ፥ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። የሚዘጋበትን ቀን ማን ይወስናል? ሰው ሲያጠፋ የሚከሰው ማን ነው? ድሀውና ከሌላ ሥፍራ የመጣው ሰው ድርሻ አለው ወይ? መልሱን በየራሳችሁ ጻፉ፤ የተለያየ መልስ ብትሰሙም አታስማሙት፥ እንደ ሰማችሁት አምጡት።

ከተመለስን በኋላ ደግሞ ማኅበራችን በወንዙ ዳር ያሉትን የእድር ዳኞች ጋብዞ፥ ያመጣነውን አቅርቦ፥ ከወንዙ አንዲት ትንሽ ክፍል እንኳ ወሰን፥ ቀንና ኃላፊ እንዲኖራት ይመክር ዘንድ አሳስባለሁ። ጓሳም የተጠበቀው ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በተስማሙበት ቃል ነው።